ሳይንስ፣ ሂሳብ፣ ታሪክ ለምታስተምሩ፦ ከተማሪ ምን ሰዋስው እንጠብቅ፣ እንዴትስ እንረም

«እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ሰዋስው የቋንቋ መምህሩ ስራ ነው» የሚለውን እኔም ለብዙ አመት ስለው ነበር። አሁን አልለውም። ያስተወኝ አንድ የፈተና መልስ ነው፣ ስለ ጋዝ ጠይቄ ልጁ «ሙቀቱን ግፊቱ ጨመረው» ብሎ ጻፈ። «ሙቀቱ ግፊቱን ጨመረው» ሊል ፈልጎ ነው ወይስ የጻፈውን ማለቱ ነው? የተንቀሳቀሰችው «ን» ብቻ ናት ግን ምክንያትና ውጤቱ ተገለባበጡ። ደግሞ ሁለቱም በየሙከራቸው ልክ ናቸው፣ ዝግ እቃ ውስጥ ያለ ጋዝ ብታሞቁ ግፊቱ ይጨምራል፣ በአንዴ አምቃችሁ ብትጫኑት ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ እንዲህ ሊል ፈልጎ ነው ብዬ ልገምትለት አልችልም። ያኔ ነው ይሄ ሰዋስው ሳይሆን የፊዚክስ መልሱ ራሱ ነው ያልኩት።

ስለዚህ አዎ፣ ሁሉም መምህር ከተማሪው ትክክለኛ ሰዋስው ይጠብቅ። ግን ሁሉንም ነገር አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ የራሳችሁ ትምህርት የቆመባትን ሰዋስው ለዩ። ቁጭ ብላችሁ ያለፈውን ፈተና ወረቀት አገላብጡና የት የት ጋ ነው መልሱን መረዳት ያቃተኝ ብላችሁ ጻፉ፣ ከአራት አምስት አይበልጥም። ለሳይንስ የኔ ዝርዝር ይሄ ነው፦ አንደኛ ከላይ ያልኳት «ን»። ሁለተኛ «ሲሞቅ»፣ «ስለሞቀ»፣ «ቢሞቅ»፣ ሶስቱ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ያየነውን ነው የሚናገረው፣ ሁለተኛው ምክንያት ነው፣ ሶስተኛው ገና ያልተሞከረ ግምት ነው፣ የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ እነዚህን ያቀላቀለ ልጅ ያየውንና የደመደመውን አልለየም ማለት ነው። ሶስተኛ ደግሞ «አሲዱን ጨምረን ቀለሙ ተቀይሮ ቴርሞሜትሩን አስገብተን ከፍ ብሎ...» እያለ አራት ነጥብ ሳይነካ ገጹን የሚጨርሰው አጻጻፍ፣ ምኑ ነው ከፍ ያለው? ቀለሙ? ሙቀቱ? የፈሳሹ መጠን? እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ምኑ?» ብቻ ብላችሁ ጻፉ፣ ልጁ ራሱ ቆርጦ ያስተካክለዋል።

የሂሳብ መምህራን ይሄ እኛን አይመለከትም ትሉ ይሆናል፣ በጣም ይመለከታችኋል። «ከ5 ያንሳል» እና «በ5 ያንሳል» አንድ ፊደል ነው ልዩነታቸው፣ አንዱ ከ5 በታች የሆነ ማንኛውም ቁጥር ነው፣ ሌላው 5 መቀነስ ነው። የቃል ፕሮብሌም ላይ ልጆች የሚወድቁት ስሌቱ ከብዷቸው ብቻ አይደለም፣ ይቺን ፊደል ዘለው ስለሚያነቡም ነው፣ እነሱ ጥያቄ ጽፈው እንዲጠያየቁ አድርጉና ታዩታላችሁ። ለታሪክ «ከተማዋ ተያዘች» ላይ ማን ያዛት ብሎ መጠየቅ ነው ዋናው።

ዝርዝሩን ከፈተና በፊት ንገሯቸው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከምሳሌ ጋር፣ ደብተራቸው ላይ ይጻፉት። ሳይነገረው ማርክ የተቆረጠበት ተማሪ ከዛ በኋላ ማብራሪያ መጻፍ ትቶ ሁለት ቃል ብቻ መመለስ ይጀምራል፣ እሱ ደግሞ ከስህተቱ የባሰ ነው።

ማርኩን ለዩት። የይዘት ማርክ ለብቻ፣ የአጻጻፍ ማርክ ለብቻ፣ አጻጻፉ ትንሽ ይሁን። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በሃይማኖት ትምህርት አገር አቀፍ ፈተናዎች ላይ ለፊደል፣ ለስርዓተ ነጥብና ለሰዋስው ከማርኩ 5 በመቶ መድበው ነበር፣ ለኔ ይሄ መጠን ልክ ነው፣ ልጁ ትኩረት ይሰጠዋል ግን ትምህርቱን አውቆ በአጻጻፍ አይወድቅም። ሰዋስው ትርጉሙን ከገለበጠው ግን (እንደ «ን») ከይዘቱ ነው የሚቀነሰው፣ ምክንያቱም መልሱ ተሳስቷል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ እርማት። እባካችሁ ወረቀቱን በቀይ አትሙሉት፣ እናንተም ትደክማላችሁ ልጁም አያነበውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ሃስዌል የሚባል አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያሳተመው ዘዴ አለ፣ ስህተቱን አያርምም፣ አያሰምርበትም፣ ስህተት ያለበት መስመር ጠርዝ ላይ ምልክት ብቻ ያደርጋል፣ ሁለት ስህተት ካለ ሁለት ምልክት። ተማሪዎቹ ፈልገው ከመቶ 61 ያህሉን ራሳቸው አስተካከሉት። አስቡት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሲጠቆሙ ያውቁታል ማለት ነው፣ የጎደለው ተመልሶ ማንበብ ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ወረቀት ስመልስ አስር ደቂቃ እሰጣለሁ፣ ምልክቱን እያዩ ያስተካክላሉ፣ የአጻጻፏን ማርክ የምሞላው ከዛ በኋላ ነው። ሳያገኙት የቀረውን ብቻ ነው የማስረዳው፣ እኔ ካልቻልኩ የቋንቋ መምህሩን እጠይቃለሁ (ብዙ ልጆች ላይ የሚደጋገመውን ብትነግሩት እሱም ደስ ይለዋል፣ ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ያውቃል)።

ሰዋስው ለማስተማር ብላችሁ ክፍለ ጊዜያችሁን ግን አትጨርሱ። ሕጉን ነጥሎ ማስተማር የልጆችን ጽሁፍ ብዙም እንደማያሻሽል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፣ የሚጠቅመው ልጁ በጻፈው በራሱ አረፍተ ነገር ላይ ሲሰራ ነው።

ምን እንለፍ? «ሀ»ና «ሐ»፣ «ሰ»ና «ሠ» መቀያየሩን እለፉት፣ ትርጉሙ ካልጠፋባችሁ አትቁረጡ። ለራሱ የያዘውን ኖት፣ ድራፍት፣ ሰዓት ያለቀበትን የመጨረሻ ጥያቄ እለፉ። የማስተማሪያው ቋንቋ አፍ መፍቻው ያልሆነ ልጅ ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ይሄን ወር «ን»ን ብቻ፣ ሲይዛት ወደሚቀጥለው። እና አንድ ነገር፣ ወረቀቱን አይታችሁ ግራ ከገባችሁ ልጁን ጥሩትና በቃሉ ያስረዳችሁ። በአፉ አስተካክሎ ከነገራችሁ ትምህርቱን ያውቀዋል፣ «አሁን ያልከውን ልክ እንዳልከው ጻፈው» በሉትና እዛው ቆሞ ይጻፈው።