15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግር ሲከዳ፦ የግማሽ ማራቶን ፔስ ችግርና መፍትሔ

ስለ ማሟሟቅ፣ ስለ ጫማ ክር፣ ከመነሻው በፊት ሽንት ቤት ስለመሄድ አልጽፍም። ይህን ታውቃላችሁ። የምጽፈው ልምምዱን በሥርዓት ለሠራ፣ ለመጨረስ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ለማሻሻል ለሚሮጥ አማተር ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት ስሮጥ፣ አንዳንዶቹንም ለውድድር ሳዘጋጅ፣ አንድ ችግር እየደጋገመ ያጋጥመኛል፦ የፔስ፣ ማለትም እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደምንሮጥ። እሱን በሰፊው እናየዋለን። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እናልፋቸዋለን።

ምልክት፦ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ሁሉ ሰላም፣ ከ14 እስከ 16 ባለው እግር ይከዳል

መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥራል። ቀጥሎ ጭን ይከብዳል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በየኪሎ ሜትሩ 10 እና 20 ሰከንድ ይጨመራል። ከኋላችሁ የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ ያልፏችኋል።

ብዙ ሰው ይህ ሲደርስበት «ኮንዲሽኔ ጥሩ አልነበረም» ይላል። ወይም «ረጅም ሩጫ አንሶኛል» ብሎ በሚቀጥለው ወር 30 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እሱ አይደለም። 15ኛው ላይ የታየው ችግር የተሠራው በመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ነው።

አንድ ወዳጄ ዕቅዱ ግማሽ ማራቶንን (21.0975 ኪሎ ሜትር) በ1:30፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ተኩል መጨረስ ነበር። ያ ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ4:16 ገደማ እየሮጡ 5 ኪሎ ሜትርን በ21:20፣ 10ን በ42:40፣ 15ን በ1:03:59 ማለፍ ነው። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ3:52 ሮጠ። 5ኛውን በ20:05 አለፈ። 10ኛውን በ41:15። 15ኛውን በ1:03:25። ልብ በሉ፣ 15ኛው ላይ እንኳ ከዕቅዱ 34 ሰከንድ ቀድሞ ነበር። የቀረውን ስድስት ኪሎ ሜትር ግን እያንዳንዱን በ5:05 ጎትቶ በ1:34:25 ጨረሰ። መጀመሪያ ላይ 75 ሰከንድ «ቆጠበ»፤ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ከፈለ። ያ ሰው የ1:30 ኮንዲሽን ነበረው። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ውድድር አሳይቶታል፤ ልምምዱ ሳይለወጥ፣ አነሳሱ ብቻ ተለውጦ።

ምክንያቱ

እያንዳንዳችን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ልንይዘው የምንችል ፍጥነት አለን። ከዚያ በላይ ስንሮጥ ላክቴት (ጡንቻ ስኳር ሲያቃጥል የሚፈጥረው ነገር) ሰውነት ከሚያስወግደው በላይ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጡንቻ ውስጥ ያለው የስኳር ክምችትም ቶሎ ይቃጠላል። በ1:30 ለሚሮጥ ሰው የግማሽ ማራቶን ፔስ ከዚያ መስመር በታች በጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር 20 ሰከንድ ስትፈጥኑ መስመሩን አልፋችኋል። በኋላ ፔስ ብትቀንሱም የወጣው ስኳር ተመልሶ አይመጣም።

ታዲያ ይህን እያወቀ ሰው ለምን ፈጥኖ ይነሳል? ከውድድሩ በፊት ያለውን ሳምንት አርፏል፣ እግሩ ትኩስ ነው። ሙዚቃውና ጩኸቱ አለ። 3:55 ልክ እንደ 4:20 ይቀላል። የመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ላይ ስሜታችሁን አትመኑት። ይዋሻል።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መነሻው ላይ ከጎናችሁ የቆመው ቀጭን ልጅ የክለብ አትሌት ሊሆን ይችላል። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2024 በስፔኑ የቫሌንሲያ ግማሽ ማራቶን ላይ 57:30 ሲገባ በአማካይ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2:43 አካባቢ ነው የሮጠው። ለተሰንበት ግደይ በ2021 እዚያው 1:02:52 ስትገባ በ2:59 አካባቢ። እነሱን የሚያሳድድ የክለብ ልጅ 3:30 ለሱ ማሟሟቂያ ነው። አንድ የማውቀው ጎበዝ አማተር ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ጋር እልህ ውስጥ ገብቶ 4 ኪሎ ሜትር ሮጠ። 17ኛው ላይ አስፋልት ዳር ተቀምጦ አገኘነው። አጉል እልህ ነው፤ ለሦስት ወር ልምምድ ክብር አለመስጠት ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ሐዋሳ ሲወርድ ሦስተኛ ወጥመድ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ሐዋሳ 1,700 አካባቢ። አየሩ ወፈር ስለሚል ትንፋሽ ይቀላል፣ ሰው «ዛሬማ በርሬያለሁ» ይላል። ግን ቆየት ብሎ ፀሐዩ ይወጣል። እንጦጦ ብርድ ላይ የተለማመደ ሰውነት ሙቀቱን አልለመደም። ትንፋሽ የሰጠውን ሙቀቱ ይወስደዋል። ሐዋሳ ላይ ከአዲስ አበባ ፔሳችሁ ብትፈጥኑም 5 ሰከንድ ይበቃል፤ እሱንም ከ10ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብቻ።

መፍትሔው

ሲጀመር ዕቅዱ እውነተኛ ይሁን። በቅርቡ በሙሉ አቅም የሮጣችሁትን የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓት በ2.2 አባዙት። 41 ደቂቃ ከሆነ 1:30 ይመጣል። 44 ከሆነ 1:37 አካባቢ ነው፤ 1:30 ብላችሁ አትነሱ። የታላቁ ሩጫን ሰዓት ግን ለዚህ አትጠቀሙበት። ከ40 ሺህ በላይ ሰው መሃል እየተጋፉ የተሮጠ 10 ኪሎ ሜትር ስለ ኮንዲሽናችሁ ምንም አይናገርም።

ከዚያ አነሳሱ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከዕቅዱ 8 ሰከንድ ዘግይታችሁ ሩጡ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን 5 ሰከንድ። ለ1:30 ሯጭ 4:24፣ 4:21፣ 4:21 ማለት ነው። ሰው ያልፋችኋል። ይለፍ! የጠፋው 18 ሰከንድ ነው፤ ከ4ኛው እስከ 18ኛው በየኪሎ ሜትሩ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በለጥ እያላችሁ ትመልሱታላችሁ። እስከ 10ኛው ድረስ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳትቆራረጡ መናገር መቻል አለባችሁ። ካልቻላችሁ ሰዓቱ ምንም ይበል፣ ቀንሱ። ከ10 እስከ 16 ሥራው እዚያው መቆየት ነው። የሚፈጠነው ከ16 በኋላ ነው።

ይህ በውድድር ቀን ብቻ አይገኝም። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ሩጡና የመጨረሻዎቹን 5 በውድድር ፔስ ጨርሱ። ወይም 5 ኪሎ ሜትር በውድድር ፔስ፣ 1 በቀላሉ፣ እንደገና 5። ሁለተኛው 5 ከመጀመሪያው በ2 እና 3 ሰከንድ ይፍጠን። ቦታው ደልዳላ አስፋልት ይሁን፣ እንደ ሰንዳፋ መንገድ። እንጦጦ ዳገት ላይ ፔስ አትለኩ፤ እዚያ የሚለካው ትንፋሽ ነው። ቀላል ሩጫውንም በእውነት ቀላል አድርጉት። በየቀኑ ከጓደኛው ጋር የሚፎካከር ሰው ውድድሩን ማክሰኞ ጠዋት ጨርሶታል።

ምልክት፦ የእጅ ሰዓቴ ፔሱ ልክ ነው ይላል፣ ውጤቱ ግን ዘግይቷል

ይህም ብዙ ሰው ያበሳጫል። መንገዱ የሚለካው በአጭሩ መስመር፣ ኩርባውን ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ነው። እናንተ ደግሞ ሰው እየዞራችሁ፣ መንገዱን እያቋረጣችሁ ትሮጣላችሁ። ጂፒኤሱም የራሱን ስህተት ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሰዓቱ 21.3 ያሳያል። በ21.3 ላይ 4:16 ማለት 1:30:53 ነው። እንዲያውም በትክክለኛው 21.0975 ላይ 4:16 ብትሮጡ 1:30:01 ትገባላችሁ። ስለዚህ ለ1:30 ሰዓታችሁ ላይ 4:13 ፈልጉ። የመነሻውንም 8 እና 5 ሰከንድ በሰዓት የምትከታተሉ ከሆነ ከዚያው ቁጥር ተነሱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዓቱ በራሱ ኪሎ ሜትር እንዳይቆርጥ ያንን አሠራር አጥፍታችሁ፣ መንገዱ ላይ ባለው በየኪሎ ሜትሩ የምልክት ሰሌዳ ስትደርሱ ቁልፉን በእጅ መጫን ነው። ዋና ዋናዎቹን ሰዓቶች እጃችሁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፏቸው።

የፎቅ ብዛት ያለበት ቦታ ላይ የሚታየውን የቅጽበት ፔስ ጨርሶ አትመልከቱ። ርካሽ ሰዓት የገዛ ደግሞ ሜዳ ላይም አይመን። አንድ ልጅ ሰዓቱ 3:40 እያለው፣ ከጎኑ የምንሮጠው 4:20 ላይ ነበርን።

ምልክት፦ ጎን ይወጋል

ውሃ በአንድ ጊዜ ጠጥታችኋል፣ ወይም ዘግይታችሁ በልታችኋል። ፔሱን ቀንሱ፣ ትንፋሽ በረጅሙ አስወጡ፣ የሚወጋውን ቦታ በእጅ ጫን አድርጉ። ውሃ ሁለት ጉንጭ ነው፣ ከመጀመሪያው ጣቢያ ጀምሮ።

ምልክት፦ ሆድ ይረበሻል

ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ጠዋት ያልተሞከረ ጄል (ሩጫ ላይ የሚዋጥ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ)። በሶ የለመዳችሁ በሶ ጠጡ፣ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት። ጄል የምትወስዱ ከሆነ 45ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ በውሃ። ልምምድ ላይ ያልሞከራችሁትን ምንም ነገር ውድድር ላይ አታስገቡ።

ምልክት፦ የእግር ጣትና ባት ከ10ኛው በኋላ ያቃጥላል

አዲስ ጫማ ነው፣ ወይም ኮፒ። «ካርቦን አለው» ተብሎ የሚሸጠውን አንዱን ሶሉን በቢላ ከፍተን አይተነዋል። ውስጡ ተራ ፕላስቲክ ነበር፣ ማጣበቂያውም ለቋል። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ተራ ጫማ ይገዛል።

ምልክት፦ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ መጥቼ አዲስ አበባ ላይ ፔሴ ጠፋ

ምንም አልተበላሸም፣ ከፍታው ነው። በኪሎ ሜትር 20 ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። በትንፋሽ ሩጡ።

እነዚህ ላይ ድርድር የለም

ከውድድር በፊት «ለማንኛውም» ብላችሁ ኢቡፕሮፌን (የሕመም ማስታገሻ ክኒን) አትዋጡ። ላብ ወጥቶ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል። እየሞቀ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ግራ መጋባት ከጀመራችሁ፣ ደረት ከጨመደደ፣ ቁሙ። ዳር ውጡና ሰው ጥሩ። ብቻችሁን ወደ መኪና አትሂዱ። ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ የከፈለበት ቁጥር ቢኖረውም መነሻው ላይ አይቁም።

ምልክት፦ ጨርሼም ብዙ ጉልበት ተረፈኝ

ጥሩ ችግር ነው፣ ግን ችግር ነው። የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው 5 ከ40 ሰከንድ በላይ ከፈጠነ አነሳሳችሁ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዟል። በሚቀጥለው ውድድር ዕቅዱን በ1 ደቂቃ አሳንሱ። የመጀመሪያዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች ግን በአዲሱ ፔስ ላይ ያንኑ 8፣ 5፣ 5 ሰከንድ ጨምራችሁ ሩጡ።