የሆቴል ፍሳሽ ማጣሪያን በየዕለቱ እንዴት ማሠራት ይቻላል? ሐዋሳ ላይ ለሚሠሩ ኦፕሬተሮች

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣው ግን በአብዛኛው በትነት ነው። ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ናይትሮጂኑና ፎስፈረሱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ማጣሪያው ሲበላሽ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚወስድለት ወራጅ የለም። የሚከተለው አሠራር አየር እየተነፋበት ለሚሠራ፣ በተለምዶ «ስላጅ» በሚባለው ሕይወት ያለው ዝቃጭ ለሚያጣራ ትንሽ ጣቢያ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን በቀን 80 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚቀበል፣ የነፋስ ገንዳው (አየር የሚነፋበት ገንዳ) 100 ሜትር ኩብ የሆነ ጣቢያ እንያዝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እየበሉ ይራባሉ፤ ብሎወሩ (አየር መንፊያው ማሽን) አየር ይሰጣቸዋል። ከዚያ ወደ ማዝቀጫው ገንዳ ያልፉና ወደ ታች ይሰፍራሉ፣ ንጹሑ ውኃ ከላይ ይወጣል። የሰፈረው ዝቃጭ በመላሽ ፓምፕ ወደ ነፋስ ገንዳው ይመለሳል፤ ትርፉ ይወገዳል። ጣቢያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚህች የመጨረሻ ሥራ ነው።

1. ጠዋት ከምንም በፊት ዞር ብለው ይዩ፣ ያሽትቱ

ጤነኛ ዝቃጭ ቡናማ ነው፤ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ይመስላል። ወደ ጥቁር ከሄደና የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አንሶታል። ነጭ፣ የሳሙና የሚመስል አረፋ ዝቃጩ ገና ወጣት መሆኑን ወይም ላውንደሪው ብዙ ሳሙና መልቀቁን ያሳያል። ወፍራም፣ ቅባት ያለው ጠቆር ያለ ቡናማ አረፋ ደግሞ ዝቃጩ ማርጀቱን ይናገራል። የአረፋ ማጥፊያ ኬሚካል ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያድንም፤ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውሉት።

2. ወንፊቱንና የስብ ማጥመጃውን ያጽዱ

ወንፊቱ በየቀኑ ይጸዳል። የወጥ ቤቱ የስብ ማጥመጃ ግን ብዙ ቦታ ይረሳል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ዓሣ ጥብስ የማይሸጥ ሆቴል የለም ማለት ይቻላል፤ በጾም ወራት ዘይቱ ይብሳል። የስቡና የታችኛው ደለል ውፍረት ተደምሮ የማጥመጃውን ጥልቀት ሩብ ሲደርስ መጠረግ አለበት። የተጠበሰበትን ዘይት በጀሪካን ለብቻ ያጠራቅሙ እንጂ ወደ ማጠቢያ አይድፉ። ሙቅ ውኃ ለቆ ስቡን «ማቅለጥ» ደግሞ ስቡን ከማጥመጃው አውጥቶ ወደ ነፋስ ገንዳው መላክ ነው።

3. አየሩን ይለኩ

ልኬቱ የሚወሰደው ከነፋስ ገንዳው መውጫ አካባቢ ሆኖ ጭነቱ በሚበዛበት ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው። በሊትር 2 ሚሊ ግራም የሟሟ ኦክስጅን ጥሩ ነው። ከ1 በታች ከሰነበተ ክር መሰል ባክቴሪያዎች ይበዙና ዝቃጩ አልሰፍርም ይላል። ከ4 በላይ ከሆነ መብራት እያባከኑ ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ20 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 7.4 አካባቢ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የኦክስጅን መለኪያው በአካባቢው የአየር ግፊት መስተካከል አለበት። ብሎወር ሲገዛም ሻጩ የሚያሳየው ቁጥር ለባሕር ወለል የተሠላ መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

መለኪያ ከሌለ ዓይንም ይረዳል። አረፋው ደቃቅና በገንዳው ሁሉ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ እንደ ምንጭ የሚፈነዳ ትልቅ አረፋ ካዩ የዲፊዩዘሩ (ከገንዳው ሥር አየሩን በደቃቁ የሚበትነው ዕቃ) ጎማ ተቀዷል። የብሎወሩ ግፊት ቀስ በቀስ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ዲፊዩዘሩ እየተደፈነ ነው።

4. የ30 ደቂቃ የዝቃጭ አሰፋፈር ሙከራ

ከሁሉም መሣሪያ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የሚያስፈልገውም የሚያሳይ ዕቃና ሰዓት ብቻ ነው። ቀጭን የላቦራቶሪ ሲሊንደር ዝቃጩን ከግድግዳው ጋር ስለሚይዘው ከእውነተኛው ዘግይቶ የሰፈረ ያስመስለዋል። ባለ 2 ሊትር ሰፊ አፍ ያለው ግልጽ ዕቃ ይሻላል። ውኃ በልክ እየጨመሩ ጎኑን በማርከር ምልክት ካደረጉበት በቂ ነው፤ ንባቡን ለ1 ሊትር ማስላት ብቻ አይርሱ።

ናሙናውን ከነፋስ ገንዳው መጨረሻ፣ ከአረፋው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ይቅዱ። ወዲያውኑ ወደ ዕቃው ይገልብጡና አንድ ጊዜ ቀስ አድርገው ያማስሉ፤ መናጥ የተያያዘውን ዝቃጭ ይሰባብረዋል። ፀሐይ የማያገኘው፣ ንዝረት የሌለበት ቦታ ያስቀምጡት። ብሎወሩ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አይሆንም።

ብዙዎች 30 ደቂቃ ጠብቀው ቁጥሯን ጽፈው ይደፉታል። ዋናው ወሬ ግን ያለው በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ነው። ጥሩ ዝቃጭ በመጀመሪያ ይያያዛል፣ ከዚያ እንደ ብርድ ልብስ አንድ ላይ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲወርድም ከላዩ ያለውን ውኃ እየጠረገ ጥርት ያደርገዋል። ይህን ከማያደርጉት መካከል ሦስቱን ይለዩ።

በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠጠር እንደወደቀ ዱብ ብሎ፣ ከላይ ያለውን ውኃ ግን ደቃቅ አመድ የተበተነበት አስመስሎ የሚተው ዝቃጭ አርጅቷል። የሚወገደውን መጠን ጨምሩ ማለቱ ነው።

ፈዘዝ ያለ ቀለም ኖሮት ቀስ ብሎ የሚወርድና ውኃውንም ደፍርሶ የሚተው ከሆነ ገና ወጣት ነው፤ ለጊዜው ማስወገድ ይቁም።

ሦስተኛው ሰውን የሚያሳስተው ነው። ከላይ ያለችው ውኃ ጥርት ያለች ናት፣ ነገር ግን ከ30 ደቂቃ በኋላም ዝቃጩ 900 ሚሊ ሊትር ላይ ቆሟል። ይህ ሁለት ተቃራኒ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ዝቃጩ ከመጠን በላይ በዝቶ መውረጃ አጥቷል፣ ወይ ክር መሰል ባክቴሪያ እርስ በርስ ይዞታል። ለመለየት ግማሽ ሊትር ናሙና ከግማሽ ሊትር የጠራ ውኃ ጋር ይቀላቅሉ፤ ውኃው ከማዝቀጫው መውጫ የተቀዳ ይሁን እንጂ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ አይሁን። ከዚያ እንደገና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ወደ 250 ወይም 300 ከወረደ ችግሩ ብዛት ነው፤ ያስወግዱ። 700 አካባቢ ላይ ከቀረ ግን ክሮች ናቸው። ያኔ መፍትሔው ደረጃ 2 እና 3 ላይ ነው፦ ስብ፣ ሲበሰብስ የቆየ ፍሳሽ፣ የአየር ማነስ። የክሮች ችግር ያለበትን ገንዳ ምክንያቱ ሳይታወቅ ማስቀዳት አይጠቅምም፤ ችግሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ሙከራው ካለቀ በኋላ ዕቃውን እስከ ሁለት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ እንዳለ ይተዉት። ሰፍሮ የነበረው ዝቃጭ አረፋ ይዞ እየተነሣ ከተንሳፈፈ ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጂን ጋዝ እየተለወጠ ነው። ማዝቀጫው ውስጥም ይኸው ይሆናልና መላሽ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ያንሣው።

የዝቃጩን ክብደት ላቦራቶሪ በ105 ዲግሪ አድርቆ ይመዝንልዎታል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ውጤቱ በሊትር 3,000 ሚሊ ግራም ቢሆንና የ30 ደቂቃው ንባብ 300 ከሆነ፣ 300ን በ1,000 አባዝተው ለ3,000 ሲያካፍሉ 100 ያገኛሉ። ከ80 እስከ 150 ያለው ደኅና ነው። ከ200 ሲያልፍ ዝቃጩ ከውኃው ጋር ሊወጣ ተቃርቧል።

5. ስንት ይወገድ?

100 ሜትር ኩብ ገንዳ ውስጥ በሊትር 3,000 ሚሊ ግራም ካለ በጠቅላላው 300 ኪሎ ዝቃጭ አለ። እንዲህ ላለ ረጅም ጊዜ ለሚነፋ ጣቢያ የዝቃጩ ዕድሜ 20 ቀን ይሁን ብንል በየቀኑ 300 ሲካፈል ለ20፣ 15 ኪሎ ይወጣል። ተመላሹ ዝቃጭ በሜትር ኩብ 7.5 ኪሎ ከያዘ 2 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በሰዓት 8 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ይህን በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሦስት ቦታ ከፍለው አምስት አምስት ደቂቃ ቢያሠሩት ይመረጣል።

መጠኑን ሲቀይሩ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ አይለፉ፤ ለውጡ እስኪታይም አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሡ። በየቀኑ ቫልቭ የሚነካካ ኦፕሬተር ምን እንደሠራለት አያውቅም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ለወራት ምንም ሳያስወግዱ ቆይቶ ለቁጥጥር ሲሉ ወይም የፍቼ ጫምባላላ እንግዳ ሊሞላ ሲል የፍሳሽ መኪና ጠርቶ የገንዳውን ግማሽ ማስቀዳት ነው። በላተኛው በግማሽ ይቀንሳል፣ ምግቡ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም በበዓሉ ይጨምራል። አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ስለሚራቡ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። በእነዚያ ሳምንታት ውኃው ለዓይን ጥርት ብሎ አሞኒያው ወደ ሐይቁ ይፈሳል።

6. ማዝቀጫው

ከታች የተኛው ዝቃጭ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ረጅም የሚያሳይ ቱቦ ቀስ አድርገው አስገብተው የላይኛውን አፍ ዘግተው ሲያወጡት ውፍረቱ ይታያል። መላሽ ፓምፑ ከሚገባው ፍሳሽ 75 እስከ 100 በመቶ ይመልስ። የውኃ መውጫውን ጠርዝ በየሳምንቱ በብሩሽ ይፈግፍጉ።

መብራት ሲጠፋ፣ በረኪና ሲደፋ

ብሎወሩ ከጀነሬተሩ ዝርዝር ውስጥ ይኑር። አየር ያጣ ዝቃጭ ጥቂት ሰዓት ይታገሣል እንጂ ውሎ አያድርም። ጀነሬተር ከሌለ ፍሳሹን ማጠራቀሚያው ላይ ያግዱት። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ብሎወሩ፣ ቀጥሎ መላሽ ፓምፑ፤ የታገደው ፍሳሽ ደግሞ በመጨረሻ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ማዝቀጫው ሥር የቆየው ዝቃጭ ጠቁሮ ስለሚመጣ ቶሎ ይነሣ።

ለክፍል ጽዳት የሚውል በረኪና ብዙ ጉዳት የለውም። በጀሪካን ከተደፋ ወይም የመዋኛ ገንዳው ውኃ ከነክሎሪኑ ወደ መስመሩ ከተለቀቀ ግን ገንዳውን ይገድላል። ለጽዳት ሠራተኞች ይህን ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፤ ማስታወቂያ መለጠፍ አይተካውም።

የሞተ ገንዳ ለማስነሣት እበት መጨመር የተለመደ ነው፤ አይመከርም። የከብት ሆድ ባክቴሪያ አየር በሌለበት የሚኖር ነው፣ ጭራሮው ደግሞ ፓምፕ ይዘጋል። ደኅና ከሚሠራ ተመሳሳይ ጣቢያ ከገንዳው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ዝቃጭ በዚያው ቀን ማምጣት ይሻላል።

ወደ ጉድጓድ ብቻዎን አይውረዱ። እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ያጠፋል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የሚነፋ ገንዳ ውስጥ የወደቀ ሰውም ዋናተኛ ቢሆን በደንብ አይንሳፈፍም፤ አጥርና የሕይወት ማዳኛ ቀለበት የግድ ነው።

የተወገደው ዝቃጭ በአሸዋ ማድረቂያ ላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይፈሳል። በበጋ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ይሰነጣጠቅና በአካፋ ይነሣል፤ በክረምት ግን ጣሪያ ካልተሠራለት ዝናቡ እየመለሰው ይሰነብታል። በደረቀው ላይ እርጥቡን አይጨምሩ፤ የታችኛው አሸዋ ይደፈናል።