በእጅ ማሰሪያ ካሜራ ስትይዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ሰርግ የሚያነሳ ሰው እጁ እረፍት አያገኝም። ጠዋት ሙሽሪት ቤት ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ በር ላይ ግፊያው ሲጀመር ካሜራ የያዘው ሰው መሀላቸው ነው። ከሰዓት የመናፈሻ ፎቶ አለ፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ። ይህን ሁሉ ሰዓት እጅ ላይ የሚውለው ዕቃ ቀላል አይደለም። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 890 ግራም ገደማ ነው። የካኖን ሦስተኛው ሞዴል 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ፣ ከሩቅ የሚያቀርበው ትልቁ፣ ብቻውን 1480 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ፣ ፍላሽ ሳይጨመር፣ ከ2.3 ኪሎ ያልፋሉ።

የእጅ ማሰሪያ፣ ብዙዎቻችን ሃንድ ስትራፕ የምንለው፣ ለእንዲህ ዓይነት ቀን የተሠራ ነው። በካሜራው ቀኝ በኩል ካለው የማንጠልጠያ ጆሮ ይነሳል፣ በእጅ ጀርባ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ከካሜራው ሥር በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ቀዳዳው ላይ በብሎን ይታሰራል። በደንብ ከታሰረ ጣቶቻችሁን ብታላሉም ካሜራው ከመዳፋችሁ አይወጣም። እጅ በቶሎ አይዝልም፣ ፎቶውም ይረጋጋል።

ይህን ዕቃ እወደዋለሁ፣ ለጀማሪም እመክረዋለሁ። ነገር ግን ካሜራውን የሚጠብቀው እጃችሁ ውስጡ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ካሜራ ደግሞ ፎቶ እየተነሳ ሳለ ብዙም አይወድቅም። የሚወድቀው ሌንስ ሲቀየር፣ ለረዳት ሲሰጥ፣ ወንበር ላይ «ለአንድ ደቂቃ» ሲቀመጥ ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የአንገት ማንጠልጠያውን አውልቆ መተው

የእጅ ማሰሪያ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የአንገቱን ማውለቅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ፣ ጠረጴዛው አጠገባችሁ ካለ፣ ችግር የለውም። ሰርግ ቤት ግን ሌላ ነው። እናትየው እጃችሁን ይዘው ሊመርቋችሁ ይፈልጋሉ። አንዷ ጉርሻ ጠቅልላ ትመጣለች፣ እምቢ አይባልም። ፍላሹ ባትሪ ይጨርሳል። በእያንዳንዱ ጊዜ ቀኝ እጃችሁን ከማሰሪያው ማውጣት አለባችሁ፤ ካሜራው ታዲያ የት ይሂድ? ሕፃናት የሚሯሯጡበት ወንበር ላይ፣ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ የሞላበት ጠረጴዛ ዳር።

ስለዚህ ሁለቱንም አድርጉ። ቀጭን የትከሻ ማንጠልጠያ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በግራ በኩል ባለው ጆሮ፣ ሌላውን በቀኙ ጆሮ ከእጅ ማሰሪያው ጋር አብራችሁ እሰሩት። የታችኛው ፕሌት፣ ማለትም ከካሜራው ሥር በብሎን የሚታሰረው የማሰሪያው ጠፍጣፋ ክፍል፣ የራሱ ቀለበት ካለው ደግሞ ሁለተኛውን ጫፍ እዚያ ማሰር ይቻላል፤ እንዲያውም ጣት ላይ ስለማይጠላለፍ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ሁለት ማሰሪያ ይበዛል የሚል ሰው ካለ፣ ሌንስ ለማስጠገን ስንት እንደሚጠየቅ አንድ ጊዜ ያጣራ።

የታችኛውን ብሎን አጥብቆ መርሳት

ለእኔ ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በቂ ትኩረትም አይሰጠውም።

የዛሬ ካሜራዎች ሥር ያለው ቀዳዳ በአብዛኛው የሩብ ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ያለው። ትራይፖድ ላይ ሲታሰር ክብደቱ ወደ ታች ይጫናል፣ ብሎኑም ብዙ አይረበሽም። የእጅ ማሰሪያ ላይ ግን ጭነቱ ከጎን ነው የሚመጣው። ካሜራውን ባነሳችሁና ባወረዳችሁ ቁጥር ማሰሪያው ፕሌቱን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። ፕሌቱ በጥቂቱ ይዞራል፣ ብሎኑን ይዞት ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ላልቶ ታገኙታላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሰሪያው ሲሰፋበት ጨርቁ የላላ ይመስለውና ማጥበቂያውን ይስባል። የእጁ ስሜት ይስተካከላል፣ ብሎኑ ግን እንደላላ ይቀራል። ጠዋት ልክ የነበረ ማሰሪያ ያለ ምክንያት ከሰፋ መጀመሪያ ከታች እዩ። ፕሌቱን በአውራ ጣታችሁ ወደ ጎን ግፉት። ከተንቀሳቀሰ በሳንቲም ወይም በካቻቢቴ አጥብቁት። ሙሽሮቹ ልብስ ሲቀይሩ፣ ምግብ ሲቀርብ፣ በእንዲህ ያለ ፋታ ሁሉ ይህን መፈተሽ አሥር ሰከንድ አይወስድም። ፕሌቱ ካሜራውን የሚነካበት ፊት ላይ ላስቲክ ወይም ቡሽ ያለው ከሆነ በቶሎ አይዞርም፤ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ።

በፒንሳ ማጥበቅም አያስፈልግም። በጣት ጠብቆ በሳንቲም ትንሽ ከተጨመረበት ይበቃል። አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ማሰሪያውን ከሌላ ቦታ ባገኛችሁት ብሎን ካሰራችሁት፣ ብሎኑ ረዝሞ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ረጅም ብሎን ፕሌቱን ከማጣበቁ በፊት የቀዳዳውን መጨረሻ ይነካል። እጃችሁ «ጠበቀ» ይላል፣ ፕሌቱ ግን ይወዛወዛል። ከዚያ በላይ ብታስገድዱት የካሜራውን ወለል ትጎዳላችሁ።

ትራይፖድም አለ። ንግግር ሲጀመር ወይም ቪዲዮ ሲያስፈልግ ማሰሪያውን ፈትቶ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ መስቀል፣ ከዚያ በጥድፊያ መልሶ ማሰር ይመጣል። ብሎኑ ግማሽ ዙር ገብቶ የሚቀረው ያኔ ነው። ከሥሩ የራሱ ቀዳዳ ያለው፣ ወይም አርካ ስዊስ በሚባለው፣ የትራይፖዱ ራስ ጠርዙን ነክሶ በሚይዘው ቅርጽ የተሠራ ፕሌት ካላችሁ ሳትፈቱት ትራይፖድ ላይ ይገባል። የባትሪ ግሪፕ፣ ከካሜራው ሥር የሚገጠመውን ተጨማሪ የባትሪ መያዣ፣ የምትጠቀሙ ደግሞ ግሪፑን እዩት። ብዙዎቹ የካኖን ግሪፖች ከታች የራሳቸው የማሰሪያ ጆሮ አላቸው። የካኖን ኢ2 የእጅ ማሰሪያም በዚያ ጆሮ የሚታሰር ነው፤ ብሎን የሚባል ነገር አይመጣም።

አንዴ ለክቶ ለሁልጊዜ መተው

ልኩ እንዲህ ይታወቃል። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ተቀመጡ፣ ካሜራውን ከፍራሹ ትንሽ ከፍ አድርጉና ጣቶቻችሁን ክፈቱ። ካሜራው መዳፋችሁ ላይ ከቀረ ጥሩ ነው። ከዚያ ጠቋሚ ጣታችሁን ሹተሩ (የፎቶ ማንሻው ቁልፍ) ላይ አድርጋችሁ የፊቱን መዘውር አዙሩ፤ በአውራ ጣታችሁ ከኋላ ያሉትን ቁልፎች ንኩ። አንዱ እንኳ ካልደረሳችሁ ማሰሪያው ጠብቋል ወይም ቦታውን ስቷል። ማሰሪያው ማለፍ ያለበት በእጅ ጀርባ ላይ፣ ጣቶቹ ወደሚጀምሩበት ጠጋ ብሎ ነው። ወደ እጅ አንጓ ከወረደ ካሜራው ወደ ፊት ይዘነበላል፣ አንጓችሁም ያማችኋል።

በጣም የጠበቀ ማሰሪያ አስተማማኝ ይመስላል፣ አይደለም። ጣት ያደነዝዛል። እጅን በፍጥነት ማውጣትም ይከለክላል፤ ደረጃ ላይ ብትደናቀፉ እጃችሁን መዘርጋት አትችሉም። ደግሞ እጅ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት መጠን የለውም። አዲስ አበባ ላይ በጥር ጠዋት በብርድ የተለካ ማሰሪያ ከሰዓት በፀሐይ፣ ማታም በአዳራሽ ሙቀት ይጠብባል። ለሁለተኛ ካሜራ ሰው ስታቀብሉም እንዲሁ ነው። የእናንተ ልክ የእሱ ልክ አይደለም፤ አስተካክሎ ይያዘው።

ቀለበቱንና የጨርቁን ጫፍ አለማየት

ከላይ ያለውን ጆሮ ከማሰሪያው ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀለበት ነው። የቁልፍ መያዣ ቀለበት ገዝቶ የሚተካ ሰው አለ። ቀጭኑ በክብደት ይከፈታል። ለካሜራ የተሠራውን ሦስት ማዕዘን ቀለበት ተጠቀሙ፤ ካሜራውን እንዳይፍቅ ከሥሩ የፕላስቲክ ወይም የቆዳ መከላከያ አድርጉበት።

ጨርቁ በመቆለፊያው ሲያልፍ ተመልሶ በራሱ ሥር መግባት አለበት። አንዴ ብቻ አሳልፎ መተው ዛሬ ይይዛል፣ ላብ ሲነካው ይንሸራተታል። የሚተርፈው ጫፍም ቢያንስ አራት ጣት ይሁን። ለውበት ብላችሁ አትቁረጡት።

ሙሉ ክብደቱን ለማሰሪያው መስጠት

ከባድ ሌንስ ሲታሰር የግራ እጅ ቦታ ከሌንሱ ሥር ነው። ማሰሪያው ይህን አይተካም። 70-200 የገጠመ ካሜራ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ሲዋል ሌንሱ የሚገጠምበት አፍ ይጫናል፣ አንጓም ይጎዳል። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄዱ ካሜራውን በትከሻው ማንጠልጠያ አውርዱት፣ ቀኝ እጃችሁን አውጡ፣ ጣቶቻችሁን ዘርጉ።

ሌንስ ስትቀይሩም አንድ እጅ ታስሮ አይሆንም። ቁጭ በሉ፣ ካሜራውን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ ቀኝ እጃችሁን አውጥታችሁ በሁለት እጅ ቀይሩ። ለረዳት ስትሰጡ ደግሞ «ያዝከው?» ብላችሁ «ይዣለሁ» እስኪል አትልቀቁ።

ላብና ውሃ የጠጣ ማሰሪያ

ጥምቀት ላይ ጎንደር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ውሃው ከተባረከ በኋላ ሕዝቡ ላይ ይረጫል። ካሜራውን ሁሉም ወዲያው ይጠርገዋል፤ ማሰሪያውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ከነውሃውና ከነላቡ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቆዳው ሲደርቅ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ስፌቱም ይበሰብሳል። ናይለኑን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ቆዳውን በረጠበ ጨርቅ ጠርጉ፤ ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ስታደርቁት ጨርቁ ቀለበቱን የሚነካበትን ቦታ አጥፋችሁ እዩ። ከሁሉም በፊት የሚበላው እዚያ ነው። ክሩ ፀጉር ካወጣ ወይም ስፌቱ አንድ ሁለት ቦታ ከተበጠሰ ሌላ ግዙ። ቆዳ ከሆነና አካሉ ደህና ከሆነ ጎበዝ ጫማ ሰፊ በጠንካራ ክር ደግሞ ሊሰፋላችሁ ይችላል።

ለትንሽ ካሜራ ትልቅ ማሰሪያ

መያዣው አጭር የሆነ ትንሽ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ላይ ሰፊ የእጅ ማሰሪያ አይመችም። ትንሿ ጣት ከታች ትቀራለች፣ ፕሌቱም የባትሪውን በር ይሸፍናል። ባትሪ ለመቀየር ሁልጊዜ ብሎኑን መፍታት ካለባችሁ፣ ብሎኑ አንድ ቀን ሳይጠብቅ መቅረቱ አይቀርም። ለእንዲህ ያለ ካሜራ አንጓ ላይ የሚገባ ቀጭን ማንጠልጠያ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራችሁን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና ማሰሪያው ታስሮ ሳለ የባትሪው በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ።