ሲኩዌንሱ «ባቄላ ነው» ብሎ ሲመጣ

ጓንት አድርጉ፣ ኔጋቲቭ ኮንትሮል (ዲኤንኤ ያልገባበት ማነጻጸሪያ) አትርሱ ምናምን አልልም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ከባቄላና ከስንዴ ላይ የፈንገስ ዲኤንኤ አውጥቼ፣ አባዝቼ፣ ምን ፈንገስ እንደሆነ ለመለየት ሲኩዌንሱን (የዲኤንኤውን ፊደላት ቅደም ተከተል) ሳስነብብ ደጋግሞ ያንገበገበኝን ነው የምጽፈው።

ጄሉ ላይ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ መስመር) ከሌለ፦ አብዛኛውን ጊዜ ዲኤንኤው አንሶ ሳይሆን ቆሽሾ ነው። ጠቆር ያሉ ፈንገሶች ሜላኒን አላቸው፣ የባቄላ ቅጠል ደግሞ ፌኖሉ ብዙ ነው፣ ሁለቱም ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ያስሩታል። ዲኤንኤ አትጨምሩበት፣ 10 እጥፍ አቅጥኑት። ኔጋቲቩም ባንድ ካሳየ ውሃውንም ፕራይመሩንም (ማባዛቱን የሚያስጀምረውን አጭር ዲኤንኤ) ድፉት፣ አትሳሱ።

ሲኩዌንሱ ጥርት ብሎ መጥቶ ግን ባቄላ ወይ ክላዶስፖሪየም (የትም የሚገኝ ተራ ሻጋታ) ከሆነ፦ ይሄው ነው የኔ የዘወትር ጣጣ። አንዴ ከጣርማበር በኩል ቆርምድ የሚባለው የእብጠት በሽታ የያዘው ባቄላ መጣልን፣ ቅጠሉ በሙሉ አረንጓዴ እብጠት አውጥቷል፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ቅጠሉን እንዳለ ፈጭቶ በአይቲኤስ1 እና በአይቲኤስ4 ፕራይመሮች አባዛው፣ ባንዱ ሲያምር ደስ ብሎን ላክነው፣ ውጤቱ መቶ በመቶ ባቄላ! የማሳው ባለቤት ደውለው «ምን አገኛችሁ?» ሲሉኝ አፍሬ እውነቱን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ባቄላ መሆኑንማ እኔው ነኝ የዘራሁት» አሉኝ። እነዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያሉ ፕራይመሮች እኮ የፈንገስ ብቻ አይደሉም፣ የተክልም ያነሳሉ፣ የቅጠሉ ዲኤንኤ ደግሞ ከፈንገሱ በብዙ ይበልጣል። መፍትሄው እብጠቷን ብቻ በምላጭ አውጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ ቡናማዎቹን ስፖሮች ለቅሞ፣ አጥቦ ከነሱ ማውጣት ነው። ፕራይመሩን ለፈንገስ በሚያደላው በአይቲኤስ1ኤፍ መቀየርም ይረዳል፣ ግን ሁሉንም ፈንገስ እኩል አይዝም፣ እሱን ይዛችሁ ተዝናንታችሁ እንዳትተኙ።

ክላዶስፖሪየሙ ግን የፌስታል ስራ ነው። እባካችሁ በፌስታል አታምጡ!! ቅጠሉ መንገድ ላይ አልቦት ሲደርስ የሻጋታ ሰርግ ነው። በወረቀት ፖስታ፣ ደረቅ አድርጋችሁ። ኮሎኒ የምታሳድጉ ከሆነ ከታመመውና ከጤነኛው ድንበር ላይ ቁረጡ፣ መሃሉ ሞቷል፣ ሌላ ሰፍሮበታል፣ ከዛ በተበረዘ በረኪና ለ1 ደቂቃ፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ሶስት ጊዜ። የስንዴ ዋግን አጋር (የፈንገስ ማሳደጊያ) ላይ አስቀምጦ «በቀለልኝ» ያለኝም አለ፣ በስንት ጣር ሲታይ ክላዶስፖሪየም። ዋግ እንዲህ በተራ ሳህን አይበቅልም ወንድሜ፣ ስፖሩን ከቅጠሉ ላይ ጥረግና በቀጥታ አውጣው።

የሲኩዌንሱ ግራፍ ላይ ፒኩ ተደራርቦ ከመጣ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፈንገስ ነው፣ ከአንድ ስፖር አሳድጉ። የመጀመሪያዎቹ ከ30 እስከ 40 ቤዞች (የዲኤንኤ ፊደላት) ሁሌም ዝብርቅርቅ ናቸው፣ እነሱን ቆርጣችሁ ጣሉ እንጂ አትደንግጡ።

ብላስት (ሲኩዌንሱን ጂንባንክ ከሚባለው የሲኩዌንስ መዝገብ ጋር የሚያወዳድረው ፕሮግራም) 99 በመቶ ብሎ ስም ከሰጣችሁ፦ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቸኩለው። አይቲኤስ (እነዛ ፕራይመሮች የሚያባዙት የዲኤንኤ ክፍል) እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የፈንገስ መለያ ባርኮድ ቢባልም ፉዛሪየምን እስከ ዝርያ አይለይም፣ ቴፍ1 የሚባለውን ጂን ጨምሩ። ቸኮሌት ስፖት የሚባለውን የባቄላ በሽታ የሚያመጣውን ቦትራይቲስ ፋቤንም ከቦትራይቲስ ሲኔሪያ በአይቲኤስ ብቻ ለይቻለሁ የሚል ካለ አላምነውም፣ አርፒቢ2ን የመሰሉ የፕሮቲን ጂኖች ያስፈልጋሉ። ጂንባንክ ላይ ያለው ስም ደግሞ ያስገባው ሰው የጻፈው ነው፣ ከላይ የወጣውን ብቻ አይታችሁ አትቅዱ፣ ከታይፕ (ዝርያው ከተሰየመበት ናሙና) የተወሰደውን ፈልጉ። ቆርምድን ራሱ እዩት፣ ስንት ዓመት መንስኤው ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው ሲባል፣ ሪፖርቱም በራሪ ወረቀቱም እንደዛው ሲቀዳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ጂኑ ሲታይ ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ ሆኖ አረፈው። የኔም የድሮ ፋይሎች ላይ እስካሁን ኦልፒዲየም ተብሎ የተጻፈ አለ፣ ገና አላረምኩትም።