ኳርተርባኩ ሲወድቅ፣ ደጋፊውም ማሊያ ሲቀይር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመስከረም አንድ እሁድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ወዳለ የሐበሻ ቤት ጎራ ብትሉ ሁለት ዓይነት የኳስ ክርክር ትሰማላችሁ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ አርሰናልና ማንቸስተር ናቸው። ሌላው ላይ፣ በተለይ እዚህ ያደጉት ልጆች ጋ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ነው። የሁለተኛው ጠረጴዛ ክርክር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ኳርተርባኩ ላይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ስለ ወደቀ ኳርተርባክ ተነስቶ የቀድሞው የዋሽንግተን ኳርተርባክ የሮበርት ግሪፊን ስም ሳይጠራ የሚያልቅ ጨዋታ የለም።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው ትንሽ ልበል። ኳርተርባክ ቡድኑ ሲያጠቃ ኳሷን ቀድሞ ተቀብሎ የሚወረውር፣ ለሌላ የሚሰጥ ወይም ራሱ ይዞ የሚሮጥ ነው። ሊጉ 32 ቡድን አለው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከኮሌጅ የሚመጡ ልጆች በድራፍት ይመረጣሉ። ባለፈው ዓመት ክፉኛ የተሸነፈ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ተራውን ግን ለሌላ ቡድን ሰጥቶ በምትኩ ሌላ ነገር መውሰድ ይቻላል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የተከፈለበትን ረስቶ በልጁ ላይ መፍረድ

ዋሽንግተን በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የመምረጫ ተራዋ ስድስተኛ ነበር። ሁለተኛ ሆና ግሪፊንን ለመውሰድ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠች። ከሦስቱ ሁለቱ ገና ያልደረሱት የ2013 እና የ2014 ምርጫዎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን ሊጉ በ2010 የተፈረሙ ውሎችን ምክንያት አድርጎ ከቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ (ለተጫዋቾች እንዲከፍል ከሚፈቀድለት ገንዘብ) ላይ 36 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት ቀነሰ። እንግዲህ አስቡት። ልጁን አመጡት፤ ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለትን አምስት ግዙፍ ሰዎች የሚያጠናክሩበት ግን ምርጫም ገንዘብም አጠራቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ይህንን ሁሉ ሸፈነው። ግሪፊን 20 ታችዳውን (ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ወረወረ፣ የተጠለፈበት ኳስ 5 ብቻ ነበር። በሩጫ ብቻ 815 ያርድ ሄደ። ቡድኑ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን አሸነፈ፣ እሱም የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን 3 አሸንፈው 13 ተሸነፉ። እንዲህ የወደቀ ቡድን የሚያገኘው ማጽናኛ ጥሩ የምርጫ ተራ ነው። ያ ተራ፣ ከመላው ሊግ ሁለተኛው፣ ቀድሞ የራምስ ሆኖ ነበር።

ታህሳስ 2014 ላይ ራምስ ዋሽንግተን ሜዳ ድረስ መጣ። ለሳንቲም መጣያው ከራምስ በኩል ወደ መሐል የወጡት አምበሎች ስድስት ነበሩ። ስድስቱም በግሪፊን ልውውጥ ከተገኙት ምርጫዎች የመጡ ተጫዋቾች ናቸው። አሰልጣኙ ጄፍ ፊሸር ናቸው መርጠው የላኳቸው። ግሪፊን በዚያ ቀን የጀመረው ከተጠባባቂ ወንበር ነው። ራምስ 24 ለ 0 አሸነፈ። «ልጁ ከሸፈ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እነዚያን ስድስት ሰዎች አስታውሱት። በእኔ እምነት ግማሹ ውድቀት የተፈረመው ልጁ አንድ ኳስ ሳይወረውር ነው።

አንድ ጥፋተኛ ብቻ መፈለግ

የዚህ ከተማ ደጋፊ ከአሥር ዓመት በላይ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይነታረካል። አንዱ አሰልጣኝ ማይክ ሻናሃን ናቸው ያጠፉት ይላል። ሌላው የግሪፊን እብሪት ነው ይላል።

ነገሩ የሆነው ጥር 6 ቀን 2013 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ተጋጣሚ ሲያትል። የግሪፊን ጉልበት ከአንድ ወር በፊት ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ተጎድቶ ነበር። ዋሽንግተን በመጀመሪያው ሩብ 14 ለ 0 መራች። በዚያው ሩብ ግን ልጁ ማነከስ ጀመረ። ሜዳው ደግሞ ሣሩ ያለቀ፣ ለጤነኛ እግር እንኳ የማይመች ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የሚያየው ሰው ሁሉ «ኧረ አስወጡት!» እያለ ነው። አላስወጡትም። በአራተኛው ሩብ ኳሷ ከእጁ አመለጠች። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ጉልበት በማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጠፈ። 24 ለ 14 ተሸነፉ። ከዚያ ኦፕሬሽን፣ ሁለት ጅማት።

አሰልጣኙ በኋላ ሲጠየቁ ልጁ ራሱ ህመም እንዳለው፣ ጉዳት ግን እንደሌለው ነግሯቸው እንደነበር ተናገሩ። ይህ መልስ ለእኔ አይበቃም። የ22 ዓመት ልጅ ሙሉ ስታዲየም እየጮኸለት «ትወጣለህ?» ሲባል አልወጣም ነው የሚለው። መወሰን የአሰልጣኝ ሥራ ነው። ግሪፊንም ቢሆን ነጻ አይደለም። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያው ጨዋታ እደርሳለሁ ብሎ በአደባባይ ሲፎክር ከረመ። ደረሰም። የደረሰው ግን ያ የ2012ቱ ሯጭ አልነበረም። የቡድኑ ባለቤት፣ አሰልጣኙ፣ ሜዳው፣ ልጁ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። «ወይ እሱ ወይ እሳቸው» ብሎ የጀመረ ክርክር እስከ ሌሊት ቢቀጥል የትም አይደርስም።

ድልና ሽንፈትን በኳርተርባኩ ስም መመዝገብ

ይህን በአንድ ምሳሌ ልለፈው። በ2016 ክሊቭላንድ 15 ተሸንፎ 1 ብቻ አሸነፈ። ያቺን አንዷን ጨዋታ፣ በገና ዋዜማ፣ የመራው ኳርተርባክ ማን ነበር? ግሪፊን። ታዲያ አሸናፊ እንበለው? ኳርተርባክ ቡድኑ ሲከላከል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ የሚጠጣ ሰው ነው።

«እኔ ድሮም ብዬ ነበር»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገሬ ሰው። በዚያው በ2012 ዋሽንግተን በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ፣ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ወሰደች። ያኔ ብዙው ሰው «ግሪፊንን ይዘን ይሄ ለምን አስፈለገ?» ነበር ያለው። በ2015 ከዝንስ ቦታውን ያዘ፣ ቡድኑ ምድቡን አሸነፈ። ግሪፊን በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር አንድም ጊዜ ሜዳ አልገባም። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ከዝንስን ከመጀመሪያው ያላወቀ ሰው ጠፋ!

ቶም ብሬዲም በ2000 የተመረጠው 199ኛ ላይ ነው። የወሰደው ኒው ኢንግላንድ ራሱ እስከዚያ ድረስ ሌሎችን ሲመርጥ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ምርጫ ስትከራከሩ በዚያን ዕለት ይታወቅ የነበረውን ብቻ ይዛችሁ ተከራከሩ። በዚህ ሚዛን ግሪፊንን መምረጥ ስህተት አልነበረም። የተከፈለው ዋጋ ነው ስህተቱ።

ሳይሞት መቅበር፣ ወይም ከሞተ በኋላ ይነሳል እያሉ መጠበቅ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጂኖ ስሚዝን ኒው ዮርክ ላይ ሲስቁበት ኖረው፣ ለዓመታት ተጠባባቂ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2022 ሲያትል ላይ ተነስቶ የዓመቱ ምርጥ ተመላሽ ተባለ። ሳም ዳርኖልድ በ2018 ሦስተኛ ተመርጦ እዚያው ኒው ዮርክ ከሸፈ። በ2024 ግን ሚኔሶታን ይዞ 14 ጨዋታ አሸነፈ።

እነዚህን እየጠሩ «የኛም ይነሳል» ማለት ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። በ1998 ሁለተኛ የተመረጠው ራያን ሊፍ አልተነሳም። በ2007 አንደኛ የተመረጠው ጃማርከስ ራስልም አልተነሳም። መጠየቅ ያለበት ምን እንደሚቀየር ነው። አሰልጣኙ ወይም ከፊቱ ያሉት አምስቱ ከተቀየሩ ተስፋ አለ። የተበጠሰ ጉልበት ግን ከተማ በመቀየር አይድንም። ግሪፊን ከክሊቭላንድ በኋላ ባልቲሞር ሄዶ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫወተ፣ በተጠባባቂነት።

በሽንፈቱ ማታ ቡድን መቀየር

አትቀይሩ። ቢያንስ እስከ ክረምት፣ እስከ ሰኔና ሐምሌ፣ ጠብቁ። በክረምት ኳስ የለም፣ ደም ይረጋል። ያኔም ለመቀየር ከፈለጋችሁ የእውነት ነው።

ተጫዋች ተከትሎ ሄዶ ቡድን ቀየርኩ ማለት

ብሬዲ በ2020 ወደ ታምፓ ሲሄድ ስንቱ አብሮት ተሻገረ። ዋንጫም በሉ። ግን እሱ ሲያቆም ስንቶቹ ታምፓ ጋ ቀሩ? ተጫዋች መከተል ነውር የለውም። ሜሲን ተከትለው ከባርሴሎና ፓሪስ፣ ከፓሪስ ማያሚ የደረሱ ዘመዶች አሉን። ችግሩ ራስን እንደ ነባር ደጋፊ ቆጥሮ በቡድኑ የድሮ ታሪክ መፎከር ሲጀመር ነው። «እኔ የግሪፊን ሰው ነኝ» ብሎ ሦስት ከተማ መዞር ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም።

የቀየረን ሁሉ ከሃዲ ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

ደጋፊው ከመሄዱ በፊት ቡድኑ የሄደበት ስንት ሰው አለ! ባልቲሞር ኮልትስ በመጋቢት 1984 ዕቃውን በሌሊት መኪና ላይ ጭኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ጠፋ። ከተማው እስከ 1996 ያለ ቡድን ቆየ። ያኔም ያገኘው የክሊቭላንድን ቡድን ወስዶ ነው። የክሊቭላንድ ሰው በተራው እስከ 1999 አለቀሰ። በታህሳስ 2014 በስድስቱ አምበሎች ሲስቅ የነበረው የሴንት ሉዊስ ደጋፊስ? በ2016 ራምስ ጓዙን ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ገባ። የኦክላንድ ሰው ደግሞ በ2020 ቡድኑን ለላስ ቬጋስ አስረከበ። ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች ስለ ታማኝነት ማነው የሚሰብካቸው?

በዋሽንግተንም በባለቤቱ በዳንኤል ስናይደር ተማርሮ ስታዲየም መሄድ ያቆመ ብዙ ነው። ሰውዬው በ1999 ገዝተው በ2023 በ6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጡት። በሚቀጥለው ዓመት ጄይደን ዳንኤልስ ሁለተኛ ተመርጦ መጣ። 12 አሸነፉ፣ ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ጨዋታ፣ አንድ ጨዋታ እስኪቀራቸው ሄዱ። ያኮረፈውም ሁሉ ተመለሰ። የተመለሰውን «እስካሁን የት ነበርክ?» ብሎ ማሸማቀቅ ምን ይጠቅማል? በ2025 ልጁ ሲጎዳ ደግሞ ያው የጉዳት ክርክር እንደ አዲስ ተነሳ። ይሄን ጊዜ ሰው ቢበዛ ነው የሚሻለው።

የእኛ ሰው ሁኔታማ ጭራሽ ሌላ ነው። በሠላሳ ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ አሌክሳንድሪያ ስለወረደ ብቻ የዋሽንግተን ደጋፊ የሆነ ሰው አለ። ሥራ ዳላስ ወሰደው እንበል። ልጆቹ እዚያ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ሰፈሩ በሙሉ የዳላሱ ቡድን የካውቦይስ ነው። አንድ ምሽት አንድ ወጣት እንዲህ ያለውን ጋሼ ሲሞግት ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እንዴት ወደ ዳላስ ይገባሉ? ይሄ እኮ ከጊዮርጊስ ወደ ቡና መሄድ ነው!»

«አንተ ልጅ፣ ጊዮርጊስን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይሄን የመረጠልኝ የቤት ኪራይ ነው» አሉት።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝም። አንድ ነገር ግን አለ፦ ወደ ቀንደኛው ባላንጣ የገባ ሰው ለጥቂት ዓመት መተረብን ይቻል። ይህ የመግቢያ ክፍያ ነው። ትናንት የለቀቁትን ቡድን ዛሬ መስደብም ደስ አይልም።

በመጀመሪያው ዓመት ስም ያለበት ማሊያ መግዛት

የግሪፊን ቁጥር 10 ማሊያ በ2012 በሊጉ ከሁሉም በላይ ተሸጧል። ዛሬ በየቁም ሣጥኑ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ያውም የድሮው የቡድኑ ስም ተጽፎበት። ስሙ በ2020 ተነሳ፣ በ2022 ኮማንደርስ ሆነ። አዲስ ኳርተርባክ ሲመጣ ሁለተኛ ኮንትራቱን እስኪፈርም መታገስ ነው። ካልሆነም ስም የሌለበት ኮፍያ ይበቃል። ልጅ ካለቀሰባችሁ ግን ግዙለት፤ ያኔ ቁጥሩን እሱ ይምረጥ፣ እናንተ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ልክ ያዙ፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ይሆነዋል።