የግብርና ሳይንስ ፌር ላይ ተማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ሳይንስ ፌር ሲደርስ ብዙ ተማሪ ወደ ግብርና ያዘነብላል። ወጪው ትንሽ ነው። አፈር፣ ዘርና የተቆረጠ ሃይላንድ ካለ ሥራው ይጀመራል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ ዳኞች ፊት የሚቀርበው ያማረ ተክል እንጂ ሙከራ አይደለም።

ርዕስ ማግዘፍ። «የኢትዮጵያን የምግብ ዋስትና ማረጋገጥ» መፈክር ነው። «የነጭ ሽንኩርት ውሃ የጎመን ክሽክሽን (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ይቀንሳል ወይ?» ግን ሊፈተሽ የሚችል ጥያቄ ነው።

ማነጻጸሪያ አለማዘጋጀት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ተማሪው አፈሩ ላይ አመድ ይጨምራል፣ ጎመኑ ያድጋል፣ «አመድ ምርጥ ማዳበሪያ ነው» ይላል። አመድ ባይጨመርስ አያድግም ነበር? ያለ አመድ የተተከለ፣ ዘሩ፣ አፈሩ፣ ውሃውና የሚያገኘው ፀሐይ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ጎመን አጠገቡ መኖር አለበት። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ይሁን። አመድም ውሃም ከለወጡ ለውጡን ማን እንዳመጣው አይታወቅም።

አፈሩ ከየት እንደመጣ መናገርም ግድ ነው። አመድ የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል። ስለዚህ ኖራ በሚያስፈልገው አሲዳማ የደጋ አፈር ላይ ሊጠቅም፣ ጨዋማ አፈር ላይ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ናይትሮጅን ግን እንጨቱ ሲቃጠል አብሮ ስለሚተን፣ አመዱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ድረስ አስቦ የመጣ ተማሪ የዳኛ ጥያቄ አያስደነግጠውም።

በሦስት ተክል መፍረድ። አንዱን ዶሮ ከጫረው፣ አንዱ ከበሰበሰ ምን ቀረ? አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ፍሬ አለ። ዘር አነሰኝ ማለት አያስኬድም። በ2014 እ.ኤ.አ. የጉግል ሳይንስ ፌርን ያሸነፉት ሦስት የአየርላንድ ተማሪዎች፣ ኤመር ሂኪ፣ ሶፊ ሂሊ-ቶውና ኪራ ጀጅ፣ የተነሱት አተር ሥር ላይ ካለው እብጠት ነው። እዚያ የሚኖረው ባክቴሪያ የገብስና የአጃን ብቅለት ያፋጥን እንደሆነ በሺዎች በሚቆጠሩ ዘሮች ላይ ፈተኑ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቆጠራው ነው ያስከበራቸው።

በመጨረሻው ሳምንት መጀመር። ጤፍ በጥቂት ቀናት ይበቅላል፣ ለሱ ይደረስ ይሆናል። ነቀዝ ግን አይቸኩልም። በሞቃት ቦታ እንኳ ከእንቁላል ተነስቶ ለአቅመ ነቀዝ ለመድረስ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ብርድ ሲሆን ይብሳል። በቆሎን በአመድ አሽቶ በአሥር ቀን «ነቀዙ አልተራባም» ማለት ምንም አያሳይም፤ አመድ ካልነካው በቆሎም ገና አዲስ ነቀዝ አልወጣም።

ስለ ነቀዝ ካነሳን አይቀር፦ ለማነጻጸር ተብሎ የነቀዝ ክኒን ቤትም ሆነ ክፍል ውስጥ አይገባም። እርጥበት ሲነካው የሚለቀው ፎስፊን ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። መምህር ፈቅዷል ቢባል እንኳ አይሆንም።

በዓይን መመዘን። «ለምለም ሆኗል» ልኬት አይደለም። ማስመሪያ አለ። ስንት ተዘራ፣ ስንት በቀለ፣ በስንተኛው ቀን? ይቆጠር።

ወላጅ የሠራው ሥራ። ዳኛ በሁለት ጥያቄ ይደርስበታል።

ያልተጠበቀ ውጤት መደበቅ። ነጭ ሽንኩርቱ ክሽክሹን ካልቀነሰ፣ አልቀነሰም ብሎ መጻፍ ነው። ቁጥር የሚያሳምሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያዙት ደብተራቸው ከመጠን በላይ ንጹህ ስለሚሆን ነው። የየዕለቱ መዝገብ ሥርዝ ድልዝም ጭቃም አያጣውም። በንጹህ ወረቀት መገልበጥ ለፖስተሩ ይሁን፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ግን ዋናው ደብተር ነው።