ደም ሲፈስ ቡና ፍለጋ መሮጥ ይቅር

ኅዳር ላይ ጎጃም በየማሳው ማጭድ ነው። ቢቸና ሂዱ፣ አዴት ሂዱ፣ ሰው ወንፈል ገብቶ ጤፍ ያጭዳል። አጫጅ በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ ይስባል፤ ማጭዱ ካመለጠው የሚያገኘው ወይ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ነው፣ ወይ ቅልጥሙን። ወደ እንጅባራ በኩል ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ለከሰል የሚቆርጥ ጎረምሳ አለ፤ መጥረቢያው ከግንዱ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ያርፋል። ከተማ ላላችሁት ባጃጅ አለላችሁ።

ታዲያ ደም ሲታይ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት ምንድን ነው? «ኧረ ቡና አምጡ!» አንዱ ወደ ቤት ይሮጣል፣ አንዷ አመድ በጭብጧ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላው አረቄ ይላል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ቁስሉን በእጁ የተጫነው ሰው የለም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚነሰነስ ነገር ስንፈልግ ደሙ ይሄዳል።

ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቡና፣ አመድ፣ እበት፣ የሸረሪት ድር መነስነስ

ቡናው ደም ያቆመ ይመስላል። ግን ትንሽ ቁስል ምንም ባትነኩትም በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ቡናው ይወስዳል እንጂ። ትልቅ ቁስል ላይ ደሙ ዱቄቱን ጠርጎ ይዞት ይወርዳል። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ደግሞ ነርሷ ከመስፋቷ በፊት ያን ጥቁር ጭቃ ከሥጋው ውስጥ እየፋቀች ማውጣት አለባት። ለበሽተኛው ስቃይ ነው፣ እሷም ቁስሉ ምን ያህል እንደጠለቀ ለማየት ትቸገራለች።

እበቱና አፈሩ ይብሳል። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ጀርም ዋና መኖሪያው አፈርና የከብት እበት ነው። በገዛ እጃችን ቁስሉ ውስጥ እየከተትነው ነው ማለት ነው።

ከተሜው ደግሞ የራሱ ቡና አለው፤ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መበተን። አሞክሳሲሊንም ሆነ ቴትራሳይክሊን ሊዋጥ የተሠራ ነው፣ ቁስል ላይ ጠጥሮ ቆሻሻውን ከሥሩ ያፍናል። አንዳንዱን ሰው መድኃኒቱ አይስማማውም፣ ሰውነቱን ያሳብጠዋል።

እና ምን እናድርግ? ተጫኑት። ያገኛችሁትን ንጹህ ጨርቅ፣ የነጠላ ጫፍም ይሁን ሻርፕ፣ አጥፋችሁ ደሙ የሚመነጭበት ቦታ ላይ አድርጉና በመዳፋችሁ ክብደታችሁን ጥላችሁ ተጫኑ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገቡ። ሰውየው ራሱ መጫን ከቻለ ራሱ ይጫን።

በየደቂቃው ገለጥ አድርጎ ማየት

«ቆመ እንዴ?» ብሎ ጨርቁን ማንሳት የሁላችንም ጠባይ ነው። ደሙ ሊረጋ ሲል ትገልጡትና የረጋው አብሮ ይነሳል፣ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ስልካችሁን አውጡና ሰዓት ያዙ፤ 10 ደቂቃ ሙሉ፣ ሳትገልጡ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ ደም እያዩ 10 ደቂቃ ቀን ይመስላል። ጨርቁ ከራሰ ሳታነሱት ሌላ ደርቡበትና በደንብ ተጫኑ። ሁለተኛውም ከራሰ ግን እጃችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ሁለቱንም አንሱ፣ ደሙ ከየት እንደሚመነጭ እዩ፣ በአዲስ ጨርቅ እዚያው ላይ ተጫኑ።

የተሰካውን መንቀል

ቢላዋ፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ የአጥር ብረት ሥጋ ውስጥ ገብቶ ሲታይ እጅ ሄዶ መንቀል ይፈልጋል። አትንቀሉ። የተቆረጠውን የደም ሥር ደፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ስትነቅሉት ቧንቧው ይከፈታል። ዙሪያውን በጨርቅ አጅባችሁ እንዳይወዛወዝ እሰሩና እንዳለ ይሂድ። እጅ ላይ የገባች እሾህ ግን ይነቀላል፣ ለእሱ ሆስፒታል አልላችሁም።

በገመድ ማሰር፣ እሱንም ላላ አድርጎ

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ለማንኛውም ቁስል «ከላይ እሰረው» የሚባል ነገር አለ። አብዛኛው ቁስል መታሰር አያስፈልገውም፣ መጫን ይበቃዋል። የሚታሰረው የእጅ ወይም የእግር ደም ተጭናችሁት እንኳ እየተንፎለፎለ እምቢ ሲል ነው። ያኔ ግን ከታሰረ የምር ይታሰር። ላላ ያለ ማሰሪያ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ብቻ ይገታል፤ ከልብ የሚመጣው ጥልቅ ላይ ስላለና ግፊት ስላለው ማለፉን ይቀጥላል። ውጤቱ? ደሙ ይብስበታል።

ገመድና ሽቦ ቀጭን ስለሆኑ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ። ተጣጥፎ ሦስት አራት ጣት የሚሰፋ መቀነት ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን፣ ሁለት ዙር እሰሩ። ቋጠሮው ላይ አጭር እንጨት አስገቡና (ጎጃም ተቀምጦ እንጨት አጣሁ የሚል መቼም አይኖርም) ደሙ እስኪቆም አጠንጥኑት። ያማል። ይጮኻል። ይጩህ። እንጨቱ እንዳይፈታ እሰሩትና የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

ከዚያ መንገድ ላይ «ደም ይዘዋወርለት» ብሎ ማላላት ሌላው ጥፋት ነው። ባላላችሁት ቁጥር ያጠራቀመው ደም ይፈሳል። ሐኪም እስኪፈታው አይፈታም። እስከ 2 ሰዓት ያህል ለእግሩ ብዙ አትስጉ፣ ለሕይወቱ ስጉ።

«ያወራል እኮ፣ ደህና ነው» ማለት

የጎጃም ወንድ ደም እየፈሰሰው «ምንም አልሆንሁም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ለጊዜው። ጎልማሳ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። አንድ ሊትር ከፈሰሰው በኋላ እንኳ ሰውነቱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ የልብ ምቱን አፍጥኖ ይሸፍንለታል። ያወራል፣ ይቀልዳል። ከዚያ ድንገት ይወድቃል። የሕክምና ሰዎች ሾክ የሚሉት ይህ ነው፤ ደሙ አንጎልና ኩላሊት ድረስ የሚያደርስ ግፊት ሲያጣ።

ስለዚህ ወሬውን ትታችሁ ገላውን እዩ። ፊቱ ገርጥቷል? እጁ ቀዝቅዞ ላብ አለው? ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል? የልብ ምቱ ፈጣንና ደካማ ነው? ውሃ ውሃ ይላል? ይቁነጠነጣል፣ ወይም ያዛጋል? ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ካያችሁ ጊዜ የላችሁም። ልጅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ፍጠኑ፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ጠቅላላ ደሙ አንዲት የአንድ ሊትር ሃይላንድ አይሞላም።

ውሃ፣ ስኳር፣ አረቄ ማጠጣት

ሾክ ውስጥ ያለ ሰው ይጠማዋል፣ ይለምናል። እናት አንጀቷ አይችልም፣ ትሰጠዋለች። ግን ራሱን ሊስት የተቃረበ ሰው ያስመልሰዋል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ይገባል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ደግሞ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። በረጠበ ጨርቅ ከንፈሩን አብሱለት፣ እሱ ይበቃል። አረቄውን ማጠጣት ቀርቶ ቁስሉ ላይም አታፍስሱት፤ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን ሥጋም ያቃጥላል። ደሙ ከቆመ ቁስል በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ዙሪያው በሳሙና።

ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨትም ቢሆን ብርድ ላይ ብርድ መጨመር ነው። ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ የመርጋት አቅሙ ይቀንሳል። ጋቢ አልብሱት፣ ከሥሩም አንጥፉለት። መሬቱ ከላይ ካለው አየር ይልቅ ያቀዘቅዘዋል፣ ጮቄ ሥር ያሉ ሰዎች ይህን ለእኔ ይነግሩኛል።

አስቀምጦ መውሰድ

ባጃጅ ውስጥ በሁለት ሰው መሀል ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ ጭንቅላቱ የወደቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ። ደም ያነሰው ሰው ቀና ባለ ቁጥር አንጎሉ ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል። በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉለት፤ እግሩ፣ ዳሌው ወይም ጀርባው ከተሰበረ ግን አታንሱት። ካስመለሰው በጎኑ አዙሩት። መኪና ከሌለ የአገራችን ወሳንሳ ከባጃጅ ይሻላል፣ ቢያንስ ተኝቶ ይሄዳል። የወረዳችሁን የአምቡላንስ ስልክ ዛሬ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ ጋ አለ።

ነስር ላይ ወደ ላይ ማንጋጠጥ

ቀላል ነው፦ ደሙ አልቆመም፣ ወደ ጉሮሮ ዞረ እንጂ። ወደ ፊት ጎንበስ፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ጨምቆ መያዝ፣ በአፍ መተንፈስ፣ 10 እስከ 15 ደቂቃ።

«ትንሽ ናት» ብሎ ክትባት መተው

ምስማር የወጋው እግር ደም እንኳ ላይወጣው ይችላል። መንጋጋ ቆልፍ የሚወደው ግን እንዲህ ያለውን ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው፣ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ በ3 እና በ21 ቀን መካከል ይመጣል፤ ሰው ምስማሩን ከረሳው በኋላ። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ይከተቡታል። ጎልማሳ ወንዱ ነው የሚዘነጋው። የቆሸሸ ቁስል ከሆነና ከተከተባችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መቼ እንደተከተባችሁ ካላወቃችሁ፣ ሂዱ።

ውሻ ከነከሰ ደግሞ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፣ ከዚያ ወደ ክትባቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ጠበሉን ተዉ አልልም፤ ክትባቱ ግን ነገ አይባልም፣ ውሻው ጤነኛ ቢመስልም።

ያደረጉትን ከሐኪም መደበቅ

ቅጠል ተደርጎበት፣ አረቄ ጠጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ታስሮ ይመጣና «ምን አደረጋችሁበት?» ሲባል «ኧረ ምንም»። ነርሷ እንዳትቆጣ ነው። ትቆጣ! በምን እንደተቆረጠ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደተነሰነሰበት፣ መቼ እንደታሰረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የበላውንና የጠጣውንም እንዲሁ፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ሥራውን መጀመር ይቸገራል።